መስተዋቱን ማን አቆመው? ማንስ ያነሣዋል?

(ይህ ጽሑፍ አንድ የኔትወርክ ባለሙያ በአዲስ አበባ ለተሰበሰቡ የመሥሪያ ቤት ቴክኒሻኖችና የሥራ ኃላፊዎች ያደረገው ንግግር ነው። ተናጋሪው ስሙ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀ ትተነዋል። ንዑስ ርዕሶቹ የዝግጅት ክፍሉ ናቸው።)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሳጥን ነው። በየመሥሪያ ቤታችሁ ደረጃ ሥር፣ አለበለዚያም ከመጥረጊያና ከባልዲ ጎን በተሰቀለ የብረት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አረንጓዴ መብራቱን ሲያብለጨልጭ የሚውል አንድ ዕቃ አለ። ስሙ ስዊች ይባላል። ሠራተኛው በፊቱ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል እንጂ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። «ሲስተም የለም!» የተባለ ዕለት ብቻ ነው የሚታወሰው። ታዲያ ይህ ዝምተኛ ሳጥን በአራት መስመር ትእዛዝ ጆሮ ጠቢ ሊሆን እንደሚችል ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ቴክኒሻኖቹ ታውቃላችሁ። ለአለቆቹ ግን የሚነግራቸው ሰው እምብዛም የለም። በአንድ መሥሪያ ቤት ለአለቃው የነገረው ሰው ግን እኔ ነበርኩ። ወደዚያ እመጣለሁ።

ሥራው በሙያው ቋንቋ «ሚረሪንግ» ይባላል፤ መስተዋት ማቆም እንደ ማለት ነው። በአንድ ኬብል ከሚያልፈው ነገር ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ እያወጡ ወደ ሌላ ኬብል መላክ ነው። ዋናው መልእክት መንገዱን ይቀጥላል፤ ላኪውም ተቀባዩም የሚያውቁት ነገር የለም። ቅጂው በሌላ ፎቅ ወይም በሌላ ሕንፃ ወዳለ ስዊች የሚሄድ ሲሆን ደግሞ «ሪሞት» የሚል ቅጽል ይጨመርበታል። የሩቁ መስተዋት እንበለው።

መስተዋቱን አትንኩት ልላችሁ አልመጣሁም። ያለ እሱ ሥራ የለም። የምላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መስተዋት ባለቤት ይኑረው፤ የቆመበት ምክንያትና የሚነሣበት ቀን ይታወቅ። ይህ ካልሆነ ዛሬ ለጥገና ያቆማችሁት ነገር ነገ ማን እንደሚመለከትበት አታውቁም።

ሐኪም የማያዳምጠው በሽተኛ

ከስዊች በፊት የነበረው ሳጥን «ሀብ» ይባል ነበር። ሀብ እንደ ጥሩምባ ነፊ ነው። ለአንድ ሰው የመጣውን መልእክት ለመንደሩ ሁሉ ይነፋል፤ የሚመለከተው ይቀበላል፣ የማይመለከተው እንዳልሰማ ያልፋል። ስዊች ግን እንደ ጨዋ ፖስተኛ ነው። የትኛው ኮምፒውተር በየትኛው ፖርት በኩል እንደሚገኝ ይመዘግብና ደብዳቤውን ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል።

ይህ ለፍጥነቱም ለምስጢሩም መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ቀን የሒሳብ ክፍሉ ፕሮግራም መንቀራፈፍ ይጀምራል። የሒሳብ ኃላፊዋ «ሰርቨሩ ነው» ትላለች። የሰርቨሩ ሰው «ኬብሉ ነው» ይላል። ኬብሉን የዘረጋው ነጋዴ ደግሞ «ኮምፒውተራችሁ ቫይረስ አለበት» ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እንግዲህ ማን ይፍረድ? ፖስተኛው ጨዋ ነውና ለእናንተ የሚያሳያችሁ ነገር የለም። በሽተኛው ልቡን ለማዳመጥ አይፈቅድም እንደ ማለት ነው።

መስተዋቱ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የሰርቨሩን ፖርት ቅጂ ወደ እናንተ ኮምፒውተር ትመሩና «ዋየርሻርክ» በተባለው ፕሮግራም ትከፍቱታላችሁ። ይህን ፕሮግራም ጄራልድ ኮምብስ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1998 «ኢተሪያል» በሚል ስም ያወጣው ሲሆን በ2006 የዛሬውን ስሙን ያዘ። እስከ ዛሬም በነፃ የሚገኝ ነው። ማን ጠየቀ፣ ማን ዘገየ፣ የቱ መልእክት መንገድ ላይ ቀረ፣ ሁሉንም ከሴኮንድ ሽራፊ ጋር አሰልፎ ያሳያችኋል። ሦስት ሰዎች ለሳምንት የተካሰሱበት ጉዳይ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ሰርጎ ገብ የሚጠብቁ መሣሪያዎችም፣ በኢንተርኔት የሚሄድ የስልክ ጥሪ ጥራቱን የሚለኩትም ቀለባቸው ይኸው ቅጂ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ራሱ ወንጀለኛ አይደለም።

ቅርብ፣ ሩቅ፣ ባሕር ማዶ

መስተዋቱ ሦስት ዓይነት ነው። ሌሎች ፋብሪካዎች ሌላ ስም ቢሰጡትም የሲስኮ አጠራር በብዛት ስለሚታወቅ በሱ እሄዳለሁ።

1ኛ. «ስፓን»። የሚቀዳውም ፖርት፣ የሚያዳምጠውም ኮምፒውተር በአንድ ስዊች ላይ ናቸው። ለማዳመጥ እዚያው ሳጥኑ ዘንድ መሄድ ግድ ነው። ለቴክኒሻን አሰልቺ ነው፤ ለጆሮ ጠቢ ግን አስቸጋሪ ነው። በዚህ የተነሣ ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ነው።

2ኛ. «አርስፓን»። ቅጂው ለዚሁ ብቻ በተለየ ቪላን ተጭኖ፣ ስዊቾቹን በሚያገናኘው ትራንክ በኩል ሌላ ፎቅ ይደርሳል። ቪላን ማለት በግድግዳ ሳይሆን በቁጥር የተከፈለ ክፍል ነው።

3ኛ. «ኢ-አርስፓን»። ቅጂው ሌላ ፖስታ ውስጥ ይታሸግና በራውተሮች ላይ እየተሻገረ ሌላ ከተማ፣ ከዚያም አልፎ ሌላ አገር ሊደርስ ይችላል። ማሸጊያው 50 ባይት ያህል ስለሚጨምር ሞልቶ የመጣውን መልእክት ከመጠን በላይ ያደርገዋል፤ ይህ የቴክኒሻኑ ራስ ምታት ነው። ከዚህ የባሰው ግን ፖስታው አለመቆለፉ ነው። ታሽጓል ማለት ተመስጥሯል ማለት አይደለም፤ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ገልጦ ያነበዋል።

የሩቁ መስተዋት እንዴት ይቆማል?

አንዳንዶቻችሁ «ሰውዬው ጆሮ ጠቢነትን እያስተማረ ነው» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ይህ በፋብሪካው መመሪያ ላይ በግልጽ የተጻፈ ነው፤ ሌባውም ያውቀዋል። የማያውቀው የቤቱ ባለቤት ነው።

በመጀመሪያ ቪላኑ ይፈጠራል። ቁጥሩ 900 ነው እንበል። «ቪላን 900» ብሎ ገብቶ «ሪሞት ስፓን» ብሎ ማወጅ ነው። 1ን፣ እንዲሁም ከ1002 እስከ 1005 ያሉትን ቁጥሮች ስዊቹ ለዚህ ሥራ አይቀበልም። «ሪሞት ስፓን» የምትለዋን ቃል ግን አትናቋት። እሷ ከተባለች በኋላ ስዊቹ በዚያ ክፍል ውስጥ አድራሻ መመዝገቡን ይተዋል። ጨዋው ፖስተኛ ተመልሶ ጥሩምባ ነፊ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ በ900 ውስጥ የማንም ሠራተኛ ኮምፒውተር እንዳይገባ።

ቀጥሎ ይህ ቪላን በመንገድ ላይ ባሉት ስዊቾች ሁሉ መታወቅ፣ በመካከላቸው ባለው ትራንክ ላይም መፈቀድ አለበት። በማያስፈልገው ትራንክ ላይ ደግሞ መከልከል አለበት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያደርግና ሁለተኛውን ይረሳል። የመጀመሪያውን ከረሳችሁ ቅጂው አይደርስም፤ ወዲያው ታውቁታላችሁ። ሁለተኛውን ከረሳችሁ ግን ቅጂው በየፎቁ ይነፋል፤ እስኪያጨናንቃችሁ ድረስ የሚነግራችሁ የለም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ምንጩ ባለበት ስዊች ላይ «ሞኒተር ሴሽን 1 ሶርስ ኢንተርፌስ» ብሎ የፖርቱን ቁጥር መጻፍ፣ የሚገባው ብቻ፣ የሚወጣው ብቻ ወይስ ሁለቱም እንደሚቀዳ መምረጥ፣ ከዚያ «ሞኒተር ሴሽን 1 ዴስቲኔሽን ሪሞት ቪላን 900» ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ በሩቁ ስዊች ላይ ግልባጩን መጻፍ ነው፤ ምንጩ ቪላን 900፣ መድረሻው የማዳመጫው ፖርት። ይህ ፖርት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጆሮ እንጂ አፍ የለውም። ጀማሪ ቴክኒሻን የራሱን ላፕቶፕ እዚያ ላይ ይሰካና «ኢንተርኔቴ ጠፋ» ብሎ ይደውላል። አልጠፋም ወንድሜ፣ መስማት ብቻ ነው የተፈቀደልህ!

አንድ የሒሳብ ነገር ልጨምር። ሴኮንድ በሴኮንድ 1 ጊጋቢት የሚችል ፖርት በአንድ ጊዜ 1 ያስገባል፣ 1 ያስወጣል። ሁለቱንም ከቀዳችሁ ቅጂው እስከ 2 ሊደርስ ይችላል። ማዳመጫው ፖርት የሚችለው 1 ብቻ ከሆነ የተረፈው ይፈሳል። ስለዚህ በቅጂው ላይ «መልእክት ጎድሏል» ብላችሁ ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት የጎደለው ከዋናው ነው ወይስ ከመስተዋቱ ብላችሁ ጠይቁ። በጎደለ ቅጂ የተወነጀለ ሠራተኛ አያጣም።

«ሾው ሞኒተር ሴሽን ኦል» ስትሉ የቆሙት መስተዋቶች ሁሉ ይዘረዘራሉ። «ኖ ሞኒተር ሴሽን 1» ስትሉ ይነሣል። ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ያዙልኝ፤ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ስለ እሷ ነው። «መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል» ብላችሁም አትጽናኑ። ትእዛዙ በስዊቹ ማኅደር ከተቀመጠ መብራቱ ሄዶ ሲመጣ መስተዋቱም አብሮ ይመጣል።

ኃጢአቴን ልናዘዝ

በ2001 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔም ነውና። አንድ ቀን አለቃው አስጠሩኝ። «በሩን ዝጋው» አሉኝ። ዘጋሁት።

«ያቺ የአራተኛ ፎቅ ሴትዮ ወረቀት ለውጭ ሰው ታወጣለች ይባላል። በኮምፒውተሯ የምትጽፈውን ማየት ይቻላል?»

ወጣት ነበርኩ። ዕውቀቴን የሚፈልግ ሰው በማግኘቴ ደረቴ ተነፋ። «ይቻላል ጌታዬ» አልኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። በጽሑፍ ይስጡኝ አላልኩም። እስከ መቼ ነው አላልኩም። አሥር ደቂቃም አልፈጀብኝም። የሴትዮዋ ፖርት አራተኛ ፎቅ፣ ማዳመጫው ምድር ቤት፣ ቪላን 900። ትራንኮቹን ሁሉ ከፈትኳቸው፤ የትኛው እንደሚያስፈልግ መለየት ሰለቸኝ።

በዚያን ዘመን ብዙው የኢንተርኔት ፖስታ ገላጣ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አነበብን። ለውጭ ሰው የወጣ ወረቀት የለም። ያገኘነው አንዲት እናት ጂዳ በቤት ሠራተኛነት ለሄደች ልጇ በእንግሊዝኛ ፊደል እየጣፈች የላከችውን አማርኛ ነበር። ልጅቷ ደመወዟን ከልክለዋታል። እናትየዋ «ገንዘቡ ይቅርብኝ፣ አንቺ ብቻ ነይልኝ» ትላለች። አለቃው ይህን አንብበው ምን አሉ መሰላችሁ? «በሥራ ሰዓት የግል ደብዳቤ መጻፍ!» በወሩ ሴትዮዋ ከከተማ ውጭ ወዳለ ቅርንጫፍ ተዛወሩ።

እሳቸው እስከ ዛሬ ምክንያቱን አያውቁም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በየጠዋቱ ደረጃው ላይ ስንገናኝ «ደህና አደርክ ልጄ?» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን «ልጅዎ ደህና ነች ወይ?» ብዬ መጠየቅ አልቻልኩም። ስለ ልጃቸው ማወቅ አይገባኝማ! አንገቴን ደፍቼ «እግዜር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እኔም ሥራ ለወጥኩ፤ አለቃውም ሌላ ወንበር አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ በቦታዬ የተቀጠረው ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ማታ ማታ ኔትወርኩ በሁሉም ፎቅ ይታነቃል፤ ምክንያቱን ማግኘት አልቻልኩም። ብቅ ብለው ቢያዩልኝ» አለኝ። ሄድኩ። «ሾው ሞኒተር ሴሽን ኦል» አልኩ። ሴሽን 1፣ ቪላን 900። የኔው እጅ ሥራ!

ለካስ ሴትዮዋ ሲዛወሩ በሳቸው ፖርት ላይ የመሥሪያ ቤቱን መዛግብት ማታ ማታ የሚገለብጥ ማሽን ተሰክቷል። ማሽኑ ሌሊቱን በሠራ ቁጥር የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ ሁሉ ቅጂ እየወጣለት፣ እኔ ስንፍናዬ ይዞኝ በከፈትኳቸው ትራንኮች በየፎቁ ይነፋ ነበር። የማዳመጫው ፖርትስ? ባዶ አልነበረም። ከሱ የወጣውን ኬብል እየተከተልን ሁለት ክፍል አለፍን። ማንም «የኔ ነው» የማይለው አንድ ኮምፒውተር ዘንድ አደረሰን። ማን እንዳስቀመጠው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደቀዳ፣ የቀዳውን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። አለቃው ወረቀት እንዳይወጣ ብለው ያቆሙት መስተዋት የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት በሙሉ ማታ ማታ ያወጣ ነበር ማለት ነው።

የውጭው ዓለም ምን ገጠመው?

«ይህ የኛ አገር ዝርክርክነት ነው» የሚል ካለ ሦስት ነገር ልንገረው።

የመጀመሪያው የአቴንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 የቮዳፎን ግሪክ ደንበኞች የሆኑ ከ100 በላይ ሰዎች ስልክ ተጠልፎ ነበር። ከነሱ መካከል ጠቅላይ ሚኒስትር ኮስታስ ካራማንሊስና ሚኒስትሮቻቸው ይገኙበታል። ጠላፊዎቹ አዲስ መሣሪያ አላመጡም። የኤሪክሰን ስልክ ማዞሪያዎች ውስጥ በሕግ ለተፈቀደ ጠለፋ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ነበር። ኩባንያው የፕሮግራሙን መቆጣጠሪያ ስላልገዛ ተኝቶ ነበር። ጠላፊዎቹ እሱን በስውር ቀሰቀሱት። የእያንዳንዱ ጥሪ ቅጂ በቅድሚያ ክፍያ ወደሚሠሩ ስልኮች ይላክ ጀመር። ነገሩ የታወቀውም በጥበቃ ብርታት ሳይሆን አጭር መልእክቶች አልደርስ ብለው ምክንያቱ ሲፈለግ ነው። ፕሮግራሙ እንደተገኘ ኩባንያው ወዲያው አስወገደው፤ አብሮም የጠላፊዎቹ ዱካ ጠፋ። በማግስቱ፣ መጋቢት 9 ቀን 2005 እ.ኤ.አ.፣ የኩባንያው የኔትወርክ ዕቅድ ኃላፊ ኮስታስ ፃሊኪዲስ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ራሱን ገደለ ተባለ፤ ቤተሰቡ አልተቀበለም። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2017 የአሟሟቱ ምርመራ በቂ አልነበረም ሲል በግሪክ መንግሥት ላይ ፈረደ። የሙያ ጓደኞቼ፣ ይህ ሰው እንደኛው የኔትወርክ ሰው ነበር።

ሁለተኛው የማይክሮቲክ ራውተሮች ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የቻይናው 360 ኔትላብ ከ7,500 በላይ ራውተሮች የባለቤቶቻቸውን መልእክት ቅጂ ወደማይታወቁ አድራሻዎች እየላኩ እንደሆነ ይፋ አደረገ። የተቀዳው በአብዛኛው ኢሜይልና የፋይል ዝውውር ነበር። ሌባው የተጠቀመው በራውተሩ ውስጥ ለቴክኒሻን ጥገና ተብሎ በተሠራ የቅጂ መላኪያ ነው። በሩ ክፍት የቀረው ደግሞ በዚያው ዓመት የታወቀ ቀዳዳ ነበር፤ መጠገኛው ወጥቶ ሳለ ባለቤቶቹ ስላልጫኑት ነው።

ሦስተኛው የቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 27 ቀን 2025 አሜሪካና ሌሎች አገሮች ከቻይና መንግሥት ጋር ግንኙነት አላቸው ስለሚሏቸው ሰርጎ ገቦች የጋራ ማስጠንቀቂያ አወጡ። ሰርጎ ገቦቹ የቴሌኮም ድርጅቶችን ራውተሮች ይዘው ከሚሠሩባቸው ዘዴዎች መካከል ምን ተዘረዘረ? ስፓን፣ አርስፓን፣ ኢ-አርስፓን! እኔና እናንተ ለጥገና የምንጠቀምባቸው እነዚሁ ትእዛዞች። አዲስ ቫይረስ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? መስተዋቱ ከፋብሪካው ጋር አብሮ መጥቷል።

«አሁንማ ሁሉም ነገር ተመስጥሯል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ኤድዋርድ ስኖውደን እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካንን የስለላ ምስጢር ካወጣ ወዲህ የኢንተርኔት ገጾች በብዛት ወደ ምስጢር ጽሑፍ ገብተዋል። የኢንተርኔትን የአሠራር ደንብ የሚያወጣው የመሐንዲሶች ጉባኤም በ2014 ጅምላ ክትትልን እንደ ጥቃት የሚቆጥር ሰነድ አውጥቷል። ነገር ግን ደብዳቤው ቢቆለፍም ፖስታው ላይ ያለው ይነበባል። ማን ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል። ሰውን ለመጠርጠር ይህ አልበቃ ብሎ ያውቃል? በመሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ደግሞ ወደ ፕሪንተር የሚሄደው ወረቀት፣ የድሮው የሒሳብ ፕሮግራም፣ በኔትወርክ የሚሄደው የቢሮ ስልክ ብዙ ጊዜ ገላጣ እንደሆኑ ናቸው።

ሕጉስ ምን ይላል?

በኛ አገር «ይህ በስልክ አይወራም፣ በአካል እንገናኝ» ማለት የዕለት ተዕለት ንግግር ነው። ከፍርሃት የመጣ ልማድ ነው፤ ፍርሃቱም ከሜዳ አልመጣም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ባወጣው ሪፖርት የያኔው መንግሥት የዜጎችን የስልክ መዝገብና ንግግር ያለ በቂ የሕግ ቁጥጥር ያገኝ እንደነበር ዘርዝሯል።

በወረቀት ላይ ግን ሕግ አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የደብዳቤን፣ የስልክንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት አይደፈሬነት ደንግጓል፤ መብቱ የሚገደበውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው ይላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ሥልጣን የሚደረግ ጠለፋን ወንጀል አድርጎታል። ለምርመራ ሲሆን የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአስቸኳይ ጊዜ ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያለ ፍርድ ቤት ሊፈቅድ የሚችልበትን ቀዳዳ ትቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለታወቀ ዓላማ፣ በልኩ እንዲሰበስብ ያስገድዳል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከነዚህ ሕጎች በአንዱም ላይ «የመሥሪያ ቤት አለቃ በር ዘግቶ በቃል ካዘዘ ይፈቀዳል» የሚል አልተጻፈም። አለቃው ሲሄዱ ቃላቸውም አብሯቸው ይሄዳል። ስዊቹ ላይ የሚቀረው የቴክኒሻኑ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

አምስት ጥያቄዎች

ከዚያ ከምድር ቤት ከወጣሁበት ቀን ጀምሮ አምስት ጥያቄ ያለበት አንድ ደብተር ሳልይዝ መስተዋት አቁሜ አላውቅም።

1ኛ. ማን አዘዘ? ለምን? በጽሑፍና በፊርማ። ለጥገና ከሆነ የብልሽቱ ዓይነት ይጻፍ። ሰውን ለመከታተል ከሆነ ጉዳዩ የኔ አይደለም፤ የሕግ ክፍሉና የፍርድ ቤቱ ነው።

2ኛ. ምን ይቀዳል? አንድ ፖርት ከበቃ አንድ ፖርት። የሚገባው ብቻ ከበቃ የሚገባው ብቻ። ቪላኑን በሙሉ መቅዳት አሳ ለማጥመድ ሐይቁን እንደ ማድረቅ ነው።

3ኛ. ቅጂው የት ያርፋል? ማዳመጫው ያለበት ክፍል ቁልፍ በማን እጅ ነው? የተቀዳው ፋይል መቼ ይደመሰሳል? ኢ-አርስፓን ከሆነ ከግቢ እንዳይወጣ፤ መውጣት ግድ ካለበት በተመሰጠረ መስመር ይሂድ።

4ኛ. መቼ ይነሣል? ቀንና ሰዓት ይጻፍ። «ሥራው ሲያልቅ» የሚባል ቀን የለም። ሲነሣ ቪላኑም ከትራንኮቹ ላይ ይውጣ።

5ኛ. ማን ይቆጣጠራል? ያቆመው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው። በየሳምንቱ በየስዊቹ «ሾው ሞኒተር ሴሽን ኦል» ይበልና ከደብተሩ ጋር ያስተያይ። በደብተሩ የሌለ መስተዋት ከተገኘ ወዲያው አይሰበር፤ መጀመሪያ ይመዝገብ፣ ወዴት እንደሚያመራ ይታይ። አቴንስ ላይ ዱካው የጠፋው በችኮላ ነው። ሠራተኛ ሲለቅም የስዊቾቹ የይለፍ ቃል በዚያው ቀን ይቀየር።

አለቆች፣ እናንተንም ላስቸግር። ልጆቹን በር ዘግታችሁ በቃል አትዘዙ። ወጣት ዕውቀቱን የሚያደንቅለት ሰው ሲያገኝ እንቢ ማለት አይችልም፤ ከራሴ አውቀዋለሁ። ሠራተኛውም በመሥሪያ ቤቱ መስመር ላይ ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ ከመቀጠሩ በፊት በጽሑፍ ይነገረው።

ቴክኒሻኖች፣ ለናንተ አንድ ዐረፍተ ነገር ልስጣችሁ። «በጽሑፍ ይስጡኝ።» ስድብ አይደለም፤ አመፅም አይደለም። እኔ በ2001 ዓ.ም. ይህችን ሁለት ቃል ብናገር ኖሮ አለቃው ይጽፉት ነበር ብላችሁ ታስባላችሁ? አይጽፉትም ነበር። ሴትዮዋም በወንበራቸው ይቆዩ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ለቅሶ ቤት አየኋቸው። አርጅተዋል። ገና ሲያዩኝ «ልጄ፣ ደህና ነህ?» አሉኝ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ከጂዳ የተመለሰችው ልጃቸው እንደሆነች ነገሩኝ። ከሳቸው አፍ ከሰማሁ በኋላ ነው «እንኳን በሰላም መጣሽ» ለማለት የቻልኩት። የቀረውን ግን አልነገርኳቸውም። ድፍረቱ አልነበረኝም፤ እናንተ ፊት የተናዘዝኩት ስለዚህ ነው።

ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ፣ ቡናችሁን ከመጠጣታችሁ በፊት፣ በየስዊቹ «ሾው ሞኒተር ሴሽን ኦል» በሉ። ምንም ካልወጣ ተመስገን። አንድ ነገር ከወጣ ግን «ማን አቆመው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ሰው ካጣችሁ የምታነሡት እናንተ ናችሁ።